የደመወዝሽ ማስረጃ በማስታወቂያ ክምር ውስጥ እንዳይጠፋ፦ ኢሜይልን በየፎልደሩ የሚለይ ማጣሪያ አሠራር

ኢሜይልሽን ለመጨረሻ ጊዜ የከፈትሽው መቼ ነው? ብዙዎቻችን ኢሜይል ያወጣነው ለፓስፖርት ወይም ለዲቪ ፎርም ስንሞላ፣ አለዚያም አዲስ ስልክ «አካውንት አስገቢ» ስላለን ነው። ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ በኢሞ፣ በዋትስአፕና በቴሌግራም ሆነና ኢሜይሉ ተረሳ። አንድ ቀን ሲከፈት ያልተነበበ መልእክት በሺህ ይቆጠራል፤ የልብስ ቅናሽ፣ የገንዘብ ላኪ ድርጅት ማስታወቂያ፣ የአየር መንገድ ጨዋታ፣ የሥራ ማስታወቂያ፣ የማናውቀው ሰው «እንኳን ደስ አለሽ» የሚል መልእክት።

በዚያ ክምር ውስጥ ግን የሚያስፈልግሽ ነገር አለ። ባንኩ ደመወዝ ገባልሽ ያለበት፣ ለቤተሰብ የላክሽው ገንዘብ ደረሰኝ፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ የሥራ ውል ቅጂ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የአቤቱታ ቁጥር። ከአሠሪ ጋር ጉዳይ የተነሳ ቀን «ማስረጃሽን አምጪ» ስትባዪ ጊዜ አይሰጥሽም። ስልኩ በእጅሽ የሚቆየው ለአንድ ሰዓት ብቻ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሦስት ሺህ መልእክት ማገላበጥ አይቻልም።

በዚህ ትምህርት የምንማረው አንድ ነገር ነው፦ ለብዙ ሰው በጅምላ የሚላኩ መልእክቶች በራሳቸው ወደ አንድ ጥግ እንዲሄዱ፣ የአንቺ ማስረጃዎች ደግሞ በራሳቸው ወደ ሌላ ጥግ እንዲሰበሰቡ ማድረግ። ይህን የሚሠራው ማጣሪያ ነው፤ በእንግሊዝኛ ፊልተር ይባላል። አንዴ ከተሠራ አንቺ ተኝተሽም ይሠራል። ምሳሌያችን ጂሜይል ነው፤ አብዛኛው ሰው ያለው እሱ ስለሆነ።

ለምን ቀን የያዘ ወረቀት ያስፈልጋል?

የምትሠሪበት አገር ሕግ መብት ሲሰጥሽ በአብዛኛው በቀንና በዓመት ቆጥሮ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

• በኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 የ2015 ውሉ ሲያልቅ ለእያንዳንዱ ዓመት የ1 ወር ደመወዝ እንዲከፈል ያዛል።
• በኳታር ሕግ ቁጥር 15 የ2017 ቢያንስ 1 ዓመት ለሠራች ሠራተኛ ለእያንዳንዱ ዓመት ከ3 ሳምንት ደመወዝ ያላነሰ የመጨረሻ ክፍያ ይሰጣል።
• በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ሕግ ቁጥር 9 የ2022 ደመወዝ መከፈል ካለበት ቀን ከ10 ቀን በላይ መዘግየት የለበትም ይላል።
• በሳዑዲ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለአዲስ ውሎች ደመወዝ በሙሳነድ በኩል በባንክ ወይም በዲጂታል ቦርሳ እንዲከፈል ተደንግጓል። ስለዚህ ክፍያው ምልክት ይተዋል።
• በሊባኖስ ግን በ1946 የወጣው የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ አድርጓቸዋል። እዚያ ያለሽ እህት፣ የፈረምሽው ውል ቅጂ ከማንም በላይ ለአንቺ ያስፈልጋል።

ከአገር ቤት በሕጋዊ መንገድ የወጣሽ ከሆነም፣ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት የሥራ ውልሽ በሚኒስቴሩ የጸደቀ መሆን አለበት። ያ የጸደቀ ውል ቅጂው በእጅሽ ይኑር።

እንግዲህ እዪው። «መቼ ጀመርሽ? ስንት ወር አልተከፈለሽም? መጨረሻ የተከፈለሽ መቼ ነው?» ለሚሉት ጥያቄዎች መልሱ ቀን ነው። ቀን ደግሞ በኢሜይል ላይ ተጽፎ ይቀመጣል።

ከሁሉ በፊት፦ ኢሜይሉ በእውነት የአንቺ ነው?

ማጣሪያ ከመሥራትሽ በፊት እነዚህን አራት ነገሮች አረጋግጪ።

1. ይለፍ ቃሉን (ፓስዎርዱን) ማን ያውቀዋል? ኢሜይልሽን የከፈተልሽ ደላላ፣ ኤጀንሲ ወይም የኢንተርኔት ቤት ልጅ ከሆነ እሱም ያውቀዋል ማለት ነው። ዛሬውኑ ቀይሪው። የልደት ቀንሽንና የልጅሽን ስም አታድርጊ።

2. የተመዘገበው ስልክ ቁጥር የማን ነው? እዚህ ያለው ሲም ብዙ ጊዜ የሚወጣው በአሠሪ ስም ነው። ሲሙ የተወሰደ ወይም የተዘጋ ቀን ኢሜይልሽን የሚከፍተው ቁጥር አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የማይጠፋ ቁጥር ወይም የምታምኚው የቤተሰብ ሰው ኢሜይል በተጨማሪ አስገቢ። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከከፈትሽ ጉግል «ባካፕ ኮድስ» የሚባሉ 10 ቁጥሮች ይሰጥሻል። እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። በወረቀት ገልብጠሽ ከስልክሽ ውጭ አስቀምጪ።

3. መቼም እንዳይዘጋብሽ። ጉግል 2 ዓመት ሙሉ ያልተነካ የግል አካውንትን ሊሰርዝ ይችላል። የብዙዎቻችን ውል 2 ዓመት መሆኑን አስቢ። ስልክ ተከልክላ ውሏን የጨረሰች እህት ስትመለስ ኢሜይሏን ላታገኘው ትችላለች። በጥቂት ወር አንዴ እንኳ ግቢ።

4. በአሠሪሽ ኮምፒውተር ወይም ታብሌት አትግቢ። የግድ ከሆነም ስትጨርሺ ውጪ፤ ሳይን አውት አድርጊ። «ይለፍ ቃሉን ላስቀምጠው?» ብሎ ሲጠይቅሽ እንቢ በይ።

የቤቱን ዋይፋይ መጠቀምስ? ጂሜይል የሚሄደው ተመስጥሮ ስለሆነ የዋይፋዩ ባለቤት የመልእክትሽን ይዘት በዋይፋዩ በኩል ማንበብ አይችልም። ጂሜይል መክፈትሽን ግን ሊያውቅ ይችላል። ትልቁ አደጋ ዋይፋዩ ሳይሆን ሳይቆለፍ የተቀመጠ ስልክ ነው።

አራት ፎልደር ይበቃሻል

በጂሜይል ፎልደር «ሌብል» ይባላል። ትንሽ ልዩነት አለው፤ አንድ መልእክት በአንድ ጊዜ ሁለት ሌብል ሊለጠፍበት ይችላል። ለእኛ ግን እንደ ፎልደር ብናስበው ይበቃል። ብዙ አታብዢ፤ ሲበዛ አንቺም ትረሺዋለሽ።

• ደመወዝ፦ የባንክ ማሳወቂያ፣ ስለ ክፍያ የተጻፈ ሁሉ፣ የገንዘብ መላኪያ ደረሰኝ።
• ወረቀት፦ ውል፣ ፓስፖርት፣ ኢቃማ፣ ቪዛ፣ ቲኬት፣ ከኤጀንሲ፣ ከመክተብ ወይም ከኤምባሲ የመጣ።
• ጤና፦ የምርመራ ውጤት፣ ቀጠሮ፣ የመድኃኒት ማዘዣ ፎቶ፣ ኢንሹራንስ።
• ጅምላ፦ ለብዙ ሰው የሚላክ ሁሉ፤ ቅናሽ፣ ዜና፣ የሥራ ማስታወቂያ፣ የማኅበራት መልእክት።

ስልክሽ በሰው እጅ የሚገባ ከሆነ ስሙ ዓይን እንዳይስብ ማድረግ ትችያለሽ። «ደመወዝ» በማለት ፋንታ «ምግብ አሠራር» ብትዪውም ሥራው ያው ነው፤ ዋናው አንቺ ማስታወስሽ ነው።

ማጣሪያውን እንሥራ

የስልኩ ጂሜይል አፕ መልእክት ለማንበብ እንጂ ማጣሪያ ለመሥራት አይሆንም። ስለዚህ በክሮም ውስጥ እንገባለን። በእረፍት ቀንሽ፣ ዋይፋይ ባለበት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ያዢ።

ደረጃ 1። ክሮምን ክፈቺ። ከላይ በስተቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክተሽ «ኒው ኢንኮግኒቶ ታብ» የሚለውን ምረጪ። ይህ ሁለት ጥቅም አለው፤ ስልኩ ወደ አፑ እንዳይወስድሽ ይረዳል፣ ስትዘጊውም ገብተሽ እንደነበር በክሮም ታሪክ ላይ አይቀመጥም።

ደረጃ 2። እንደገና ሦስቱን ነጥቦች ንኪና «ዴስክቶፕ ሳይት» የሚለውን አብሪ። ከዚያ የጂሜይልን አድራሻ ጽፈሽ ግቢ። ገጹ እንደ ኮምፒውተር ትንንሽ ፊደል ይሆናል። ስልኩን አጋድሚው፣ በሁለት ጣት አስፊው። ስልክሽ በአረብኛ ከሆነና ካልገባሽ ቋንቋውን ወደምታነቢው ቀይሪ፤ ከዚህ በታች የተጻፉት የእንግሊዝኛው ስሞች ናቸው።

ደረጃ 3። ከጅምላው እንጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው። ከሚያስቸግሩሽ ማስታወቂያዎች አንዱን ክፈቺ። ከመልእክቱ በላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ንኪና «ፊልተር መሴጅስ ላይክ ዚዝ» የሚለውን ምረጪ፤ «ይህን የመሰሉትን አጣሪ» ማለት ነው። ፎርም ይከፈታል። «ፍሮም» በሚለው ቦታ የላኪው አድራሻ ራሱ ተሞልቶ ታገኚዋለሽ። ለብዙ አባላት በዝርዝር የሚላክ መልእክት ከሆነ ደግሞ «ሃዝ ዘ ዎርድስ» በሚለው ቦታ «ሊስት» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ ሊሞላልሽ ይችላል። አትንኪው፤ ትክክል ነው።

ደረጃ 4። ከመቀጠልሽ በፊት «ሰርች» የሚለውን ንኪና ምን ምን እንደሚያወጣ እዪ። የወጡት ሁሉ ማስታወቂያ ናቸው? ጥሩ። አንድ እንኳ ደረሰኝ ወይም ቲኬት ከገባበት ቁሚ፤ ወደዚህ ጉዳይ በኋላ እንመለስበታለን። ከዚያ በመፈለጊያው ሳጥን ቀኝ ጫፍ ያለችውን የመስመሮች ምልክት ስትነኪ ፎርሙ ይመለሳል።

ደረጃ 5። ከፎርሙ ሥር «ክሪኤት ፊልተር» የሚለውን ንኪ። አሁን ምልክት የሚደረግባቸው ሳጥኖች ይመጣሉ። ለጅምላ መልእክት ሦስቱን ምረጪ፦
— የመጀመሪያውን፣ «ስኪፕ ዘ ኢንቦክስ»፤ ወደ ፊት ገጽ ሳይመጣ ይለፍ ማለት ነው።
— «አፕላይ ዘ ሌብል»፤ እዚያው ላይ አዲስ ሌብል ፍጠሪና «ጅምላ» በዪው።
— የመጨረሻውን፣ «ኦልሶ አፕላይ ፊልተር ቱ ማቺንግ ኮንቨርሴሽንስ»፤ ከዚህ በፊት የመጡትም እንዲጠረጉ። ይህን ካልመረጥሽ ማጣሪያው የሚሠራው ከዛሬ በኋላ በሚመጡት ላይ ብቻ ነው።

ደረጃ 6። «ክሪኤት ፊልተር» በዪና ጨርሺ። የዚያ ላኪ መልእክት ሁሉ ከፊት ገጽ ሲጠፋ ታያለሽ። አልተሰረዘም፤ «ጅምላ» ውስጥ ነው። አምስት ስድስቱን በብዛት የሚልኩ እንዲህ ካደረግሽ የፊት ገጽሽ መልክ ይይዛል።

የማስረጃ ማጣሪያ ይለያል

አሁን ለባንክሽ፣ ለገንዘብ ላኪው ድርጅት፣ ለአየር መንገዱ፣ ለክሊኒኩ ተመሳሳይ ማጣሪያ ሥሪ። ነገር ግን ሳጥኖቹን ስትመርጪ ይህን ልብ በዪ፦

ለማስረጃ መልእክት «ስኪፕ ዘ ኢንቦክስ» የሚለውን በፍጹም አትምረጪ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የፊት ገጽን የዘለለ መልእክት በተለመደው አሠራር ስልክሽ ላይ ድምፅ አያሰማም። ማስታወቂያ ሲሆን እሰየው። የቀጠሮ ቀን፣ የበረራ ለውጥ ወይም «ማመልከቻሽ ይህ ይጎድለዋል» የሚል መልእክት ሲሆን ግን ሳታዪው ቀኑ ያልፋል። ስለዚህ ለማስረጃ የሚመረጡት «አፕላይ ዘ ሌብል»፣ «ኔቨር ሴንድ ኢት ቱ ስፓም» እና የመጨረሻው ሳጥን ናቸው። መልእክቱ ፊት ገጽም ላይ ይመጣል፣ ሌብልም ይለጠፍበታል።

«ኔቨር ሴንድ ኢት ቱ ስፓም» ለምን? ጂሜይል አንዳንዴ ደህናውን መልእክት አጠራጣሪ ነው ብሎ ስፓም ውስጥ ይጥለዋል። ስፓም ውስጥ የገባ ደግሞ ከ30 ቀን በኋላ ራሱ ይጠፋል። የባንክሽ ወረቀት እንዲህ እንዲጠፋ አትፈልጊም።

አንድ ላኪ ሁለቱንም ሲልክ

ከላይ «እንመለስበታለን» ያልነው ይህ ነው። ገንዘብ ላኪው ድርጅት ከአንድ አድራሻ ደረሰኝም ማስታወቂያም ሊልክ ይችላል። በአድራሻው ብቻ ካጣራሽ ደረሰኙም ከማስታወቂያው ጋር ጅምላ ውስጥ ይገባል።

እንዲህ አድርጊ። ሁለት ደረሰኞችን ከፍተሽ አርእስታቸውን እዪ። ብዙ ጊዜ የማይለወጥ ቃል አለው፤ «ሪሲት»፣ «ትራንዛክሽን»፣ «ትራንስፈር» ወይም በአረብኛ ደመወዝ ማለት የሆነው «ራቲብ»። ያንን ቃል ከመልእክቱ ራሱ ቅጂና በፎርሙ «ሰብጀክት» በሚለው ቦታ ለጥፊ። ብዙ ቃል ከሆነ በመካከላቸው በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደል «ኦር» ብለሽ ጻፊ፤ «ወይም» ማለት ነው። ይህ ማጣሪያ ወደ «ደመወዝ» ይላክ። ማስታወቂያውን የሚያጣራው ማጣሪያ ደግሞ እነዚያኑ ቃላት «ደዝንት ሃቭ» በሚለው ቦታ ይያዝ፤ «ይህ ቃል የሌለበትን ብቻ» ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ አይደባለቁም።

የአማርኛ ቃል ስትጠቀሚ ተጠንቀቂ። ጂሜይል የሚፈልገው ሙሉ ቃል ነው፤ የቃል ቁራጭ አይፈልግም። «ደመወዝ» ብለሽ ካጣራሽ «የደመወዝ» ወይም «ደመወዜ» የሚለውን ላይይዘው ይችላል። «ደሞዝ» ብሎ የጻፈውንም እንዲሁ። ስለዚህ አንቺ ለራስሽ ስትጽፊ ሁሌ በአንድ ዓይነት ፊደል ጻፊ።

በኢሜይል የማይመጣውን አንቺ ላኪው

«እኔ ደመወዜን በእጄ ነው የምቀበለው፣ ማን ኢሜይል ይልክልኛል?» ትዪ ይሆናል። ልክ ነሽ። ማዳም በዋትስአፕ የጻፈችልሽ፣ ከፊል በእጅ የሰጠሽ፣ መክተብ በስልክ የነገረሽ ኢሜይል ላይ የለም። ራስሽ ለራስሽ ላኪ።

ጂሜይል ለዚህ ጥሩ ነገር አለው። ከስምሽ በኋላ፣ ከ@ ምልክት በፊት፣ የመደመር ምልክት (+) አድርገሽ አንድ ቃል በላቲን ፊደል ብትጨምሪ መልእክቱ አሁንም ለአንቺው ይደርሳል። ለምሳሌ ስምሽ ላይ «+ደመወዝ»፣ «+ጤና» የሚሉትን በላቲን ፊደል ጨምሪ። ከዚያ ማጣሪያው ላይ «ቱ» በሚለው ቦታ ያንን አድራሻ አስገቢና ሌብሉን ምረጪ። በቃ፣ ወደዚያ አድራሻ የላክሽው ሁሉ ራሱ ቦታው ይገባል።

ምን ትልኪያለሽ?

• በየወሩ መጨረሻ አንድ መስመር። አርእስቱ ላይ «ደመወዝ» ብለሽ ወሩን፣ ዓመቱን፣ ስንት እንደተከፈለሽና በእጅ ወይም በባንክ መሆኑን ጻፊ። ካልተከፈለሽም «አልተከፈለም» ብለሽ ጻፊ። ያልተከፈለውን ወር መጻፍ ከተከፈለው ይበልጣል።
• የውልሽ እያንዳንዱ ገጽ ፎቶ፤ ፊርማ ያለበት ገጽ እንዳይቀር።
• የፓስፖርትና የኢቃማ ፎቶ። በፈረንጆች 2011 የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189 በአንቀጽ 9 የቤት ሠራተኞች የጉዞና የመታወቂያ ሰነዳቸውን በእጃቸው የመያዝ መብት ሊኖራቸው ይገባል ይላል። ስምምነቱ የሚያስገድደው የተቀበሉትን አገሮች ነው። ፓስፖርትሽ በሰው እጅ ቢሆንም ቁጥሩ በአንቺ ዘንድ ከተገኘ ኤምባሲ ስትደርሺ ሥራው ይቀላል።
• የዋትስአፕ ንግግር ስክሪንሾት፤ ስልክ ቁጥሩና ቀኑ የሚታይበት።
• ታመሽ እረፍት ከተከለከልሽ ወይም ከተጎዳሽ፣ ቀኑንና የሆነውን በአጭሩ። የሐኪም ወረቀት ካለሽ ፎቶውን።

የኢሜይሉ ቀንና ሰዓት ራሱ ይጻፋል። ከወራት በኋላ «አሁን ነው ያቀናበርሽው» ቢሉሽ ቀኑ መልስ ይሰጣል። ክርክሩን ብቻውን ያሸንፍልሻል ማለት አይደለም። ግን የሠራሽበትን ጊዜ ተራ በተራ ይዞ ይጠብቅልሻል፤ ለሚረዳሽ ጠበቃ፣ ለኤምባሲ ወይም ለሥራ ቢሮ የምታስረጂው ነገር ይኖርሻል።

ጥንቃቄ፦ ፎቶ የምታነሺው የራስሽን ወረቀት ብቻ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሰውን ወይም የሰውን ቤት ውስጥ ያለ ፈቃድ ፎቶ ማንሳትና መቅረጽ በወንጀል ሊያስከስስ ይችላል። መብት ስትፈልጊ ጥፋተኛ እንዳትሆኚ።

ከጅምላው ውስጥ አጭበርባሪውን ለዪ

ማጣሪያ ማስታወቂያን ወደ ጎን ያደርጋል፤ አጭበርባሪን አያውቅም። ሁለት ዓይነት አያያዝ አለ።

የምታውቂው ድርጅት ከሆነ፣ ለምሳሌ አንዴ ልብስ የገዛሽበት ሱቅ፣ ከላኪው ስም አጠገብ «አንሰብስክራይብ» የሚል ታገኛለሽ። ንኪው፤ መላክ ያቆማል።

የማታውቂው ከሆነ ግን በመልእክቱ ውስጥ ያለውን ምንም ሊንክ አትንኪ፤ «መላክ አቁም» የሚለውንም ቢሆን። ነክተሽ መልስ ከሰጠሽ ሰው እንዳለ ያውቁና ይብሱብሻል። «ሪፖርት ስፓም» በዪና ተገላገዪ።

በእኛ እህቶች ላይ በብዛት የሚመጣው የዲቪ ማጭበርበሪያ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ዲቪ አሸንፈሻል ብሎ በኢሜይል አይነግርሽም። ውጤት የሚታየው በመንግሥቱ የዲቪ ገጽ ላይ ገብቶ የኮንፈርሜሽን ቁጥርን በማስገባት ነው። ስለዚህ «አሸንፈሻል፣ ይህን ያህል ላኪ» የሚል ኢሜይል ሁሉ ውሸት ነው። የኮንፈርሜሽን ቁጥርሽን ግን «ወረቀት» ውስጥ አስቀምጪ፤ የጠፋባት እህት በየዓመቱ አለች። «ካናዳ የቤት ሠራተኛ እንፈልጋለን፣ ቅድሚያ ክፍያ ላኪ» የሚለውም ከዚያው ወገን ነው። የፓስፖርት ፎቶሽን ለማታውቂው ሰው አትላኪ።

ሌላ ሰው ማጣሪያ ሠርቶብሽ እንዳይሆን

ማጣሪያ በአንቺ እጅ መሣሪያ ነው፤ በሌላ ሰው እጅ ግን መሰለያ ይሆናል። ይለፍ ቃልሽን ያገኘ ሰው የባንክ መልእክትሽ በቀጥታ ወደ ቆሻሻ እንዲገባ ወይም ቅጂው ለእሱ እንዲላክ ማድረግ ይችላል። አንቺ ምንም አታዪም።

ዛሬ በዴስክቶፕ ገጹ ላይ እያለሽ ይህን እዪ። በስተቀኝ ከላይ ያለችውን የጥርስ ምልክት (ሴቲንግ) ንኪ፣ «ሲ ኦል ሴቲንግስ» በዪ።
— «ፊልተርስ ኤንድ ብሎክድ አድሬሰስ» የሚለውን ክፈቺ። አንቺ ያልሠራሽው ማጣሪያ ካለ ሰርዢው።
— «ፎርዋርዲንግ» በሚለው ውስጥ የማታውቂው አድራሻ ካለ አጥፊው።
— በጉግል አካውንትሽ ውስጥ «ዩር ዲቫይስስ» የሚለው የገባሽባቸውን ስልኮች ያሳያል። የማታውቂው ስልክ ካለ አስወጪውና ይለፍ ቃልሽን ወዲያው ቀይሪ።

የሚነሱ ጥያቄዎች

አፑ ላይ ሌብሎቼን የት አገኛቸዋለሁ?
በስተግራ ከላይ ያሉትን ሦስት መስመሮች ንኪ። ወደ ታች ስትወርጂ ስማቸው ተደርድሮ ታገኛለሽ። በክሮም የሠራሽው ሁሉ በአፑም ይሠራል።

ጂሜይሌ ሞልቷል ይለኛል። ምን ላድርግ?
በነጻ የሚሰጠው ቦታ 15 ጊጋባይት ነው፤ ጉግል ፎቶና ድራይቭም የሚካፈሉት እሱኑ ነው። ከሞላ አዲስ ኢሜይል አይገባልሽም፤ የባንክሽም ቢሆን። መጀመሪያ «ጅምላ» ውስጥ ያለውን ሰርዢ፣ ከዚያ ረጃጅም ቪዲዮዎችን። የተሰረዘው ቦታ የሚለቀው ከቆሻሻ ቅርጫቱም ሲወጣ ነው። ከመሰረዝሽ በፊት አንዴ በዓይንሽ እለፊበት።

ስልኬን ቢወስዱብኝስ?
ወረቀቶችሽ ያሉት ስልኩ ውስጥ ሳይሆን አካውንቱ ውስጥ ነው። አድራሻሽን፣ ይለፍ ቃልሽንና የባካፕ ኮድ ወረቀቱን ይዘሽ በማንኛውም ስልክ መግባት ትችያለሽ። ስለዚህ እነዚህ ሦስቱ ጭንቅላትሽ ውስጥ ወይም በሰወርሽው ቦታ ይሁኑ።

ማንበብ ብዙም አልችልም። ሰው ቢሠራልኝስ?
ይቻላል፤ የምታምኛትን እህት ምረጪ። ይለፍ ቃሉን አንቺ ራስሽ አስገቢ፣ አትንገሪያት። ስትጨርሱ አብረሽ ውጪ።

የዚህ ሳምንት ሥራ

በአንድ ቀን ሁሉን ለመጨረስ አትጣደፊ። በመጀመሪያው የእረፍት ጊዜሽ ይለፍ ቃልሽን ቀይሪ፣ የመመለሻ ቁጥሩን አስተካክዪ። በሁለተኛው አምስት ማስታወቂያ ላኪዎችን ወደ «ጅምላ» ስደጂ። በሦስተኛው የባንክሽንና የገንዘብ ላኪውን ማጣሪያ ሥሪ፣ የውልሽንና የፓስፖርትሽን ፎቶ ለራስሽ ላኪ። ከዚያ በኋላ የሚቀርሽ በየወሩ መጨረሻ አንድ መስመር መጻፍ ብቻ ነው።

ይህን ለማድረግ ጠብ እስኪነሳ አትጠብቂ። አሠሪዎችሽ ደህና ሰዎች ከሆኑም ወረቀትሽ ተደራጅቶ መቀመጡ ማንንም አይጎዳም፤ ሒሳቡ ግልጽ ከሆነ መለያየቱም በሰላም ይሆናል። ስትጨርሺ አጠገብሽ ላለችው እህት አሳያት። ለአንቺ ግማሽ ሰዓት የፈጀው ለእሷ ከአንቺ ጋር ሩብ ሰዓት አይፈጅም።